ከሐምሌ እስከ ሰኔ አንድ መልክ፦ ኤክሴል፣ ካልክ እና ጉግል ሺትስ በ12 ሺት ፋይል ሲመዘኑ

የበጀት ዓመቱ የደመወዝ ፋይል ሲከፈት ከሥር 12 ታብ ተደርድሮ ይታያል፤ ከሐምሌ ይጀምርና ሰኔ ላይ ያልቃል። የሐምሌው ርዕስ ሰማያዊ ነው፣ የጥቅምቱ ግራጫ ሆኗል። የታኅሣሡ የተጣራ ክፍያ ኮለም ጠቦ ##### ያሳያል። የመጋቢቱ ሲታተም የፊርማው ኮለም ለብቻው ሁለተኛ ወረቀት ላይ ይወጣና ሠራተኛው ስሙ በሌለበት ወረቀት ላይ ይፈርማል። ድምሩ ሁሉ ልክ ነው፤ ፋይሉ ግን 12 ሰው ተከፋፍሎ የሠራው ይመስላል።

ሦስቱ ፕሮግራሞች እዚህ የሚመዘኑት በእንዲህ ያለ ፋይል ነው፦ 40 ገደማ ሠራተኛ፣ 9 ኮለም (ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የተቀጠረበት ቀን፣ መሠረታዊ ደመወዝ፣ የትራንስፖርት አበል፣ የሥራ ግብር፣ የ7 በመቶ ጡረታ፣ የተጣራ ክፍያ፣ ፊርማ)፣ ኤ4 ወረቀት በአግድም። መልኩን 12ቱም ሺት ላይ እኩል ማድረግ ብቻ ሳይሆን፣ ከስድስት ወር በኋላ አለቃ «ርዕሱን አረንጓዴ አድርጉት» ሲል በስንት ጠቅታ ያልቃል የሚለውም ይቆጠራል።

ኤክሴል፦ ግሩፕ ፈጣን ነው፣ ግን አድራሻ ብቻ ነው የሚያውቀው

የመጀመሪያውን ታብ ተጭኖ፣ ሺፍት ይዞ የመጨረሻውን መጫን በመካከል ያሉትን ሁሉ ይይዛል። የተራራቁትን ለመምረጥ ኮንትሮል ይዞ አንድ በአንድ ነው። ሁሉንም ከሆነ ደግሞ ታቡ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ «ሴሌክት ኦል ሺትስ» ማለት ይበቃል። ከላይ ከፋይሉ ስም ጎን «ግሩፕ» የሚል ቃል ይመጣል። ከዚህ በኋላ ፊት ለፊት ባለው ሺት ላይ የሚደረገው ሁሉ በቀሩትም ላይ ይደረጋል፦ ፎንት፣ ቀለም፣ ቦርደር፣ የቁጥር አጻጻፍ፣ የኮለም ስፋት፣ የሮው ቁመት፣ ሮው መጨመርና መሰረዝ። የርዕሱን ሮው 12 ጊዜ ከመቀባት አንዴ መቀባት ነው፤ በዚህ ጉግል ሺትስ አይደርስበትም።

የማይሆኑም አሉ። ሺቶቹ በግሩፕ ሳሉ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ (ሴሉ እንደያዘው ነገር መልኩን የሚቀይረው)፣ ዳታ ቫሊዴሽን (ሴሉ የሚቀበለውን የሚገድበው)፣ ቴብል ማስገባትና ሺት መቆለፍ ይደበዝዛሉ፤ ቢጫኗቸው አይሰሙም። ፍሪዝ ፔንስም ፊት ለፊት ያለውን ሺት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሲወርዱ ርዕሱ ከላይ እንዲቆይ ከተፈለገ 12 ጊዜ መድገም ግድ ነው። ኮንዲሽናል ፎርማቲንግን ፎርማት ፔይንተር (የሴል መልክ የሚገለብጠው የቡሩሽ ምልክት) ያሻግረዋል፤ ቡሩሹን ሁለቴ ጠቅ ካደረጉት ኢስኬፕ እስኪጫን ድረስ ከሺት ወደ ሺት ይሠራል።

ትልቁ ችግር ግን ሌላ ቦታ ነው። ግሩፕ የሚሠራው በሴል አድራሻ ነው። ሐምሌ ላይ 40 ሠራተኛ ኖሮ ድምሩ 45ኛው ሮው ላይ ቢያርፍ፣ መስከረም ላይ ደግሞ 3 ሰው ተቀጥሮ ድምሩ ወደ 48 ቢወርድ፣ 45ኛውን ሮው በግሩፕ ያደመቀ ሰው የመስከረምን አንድ ሠራተኛ ድምር አስመስሎት ይወጣል። ስለዚህ ግሩፕን ከላይ ላለው፣ ማለትም ለርዕሱ፣ ለኮለሞቹ ስፋትና ለቁጥር አጻጻፉ መጠቀም፤ ከታች ላለው የድምርና የፊርማ ክፍል ግን የሁሉም ሺት ሮው ቁጥር እኩል ካልሆነ አለመንካት ይሻላል። ድምሩን ጭራሽ ከላይ፣ ከርዕሱ ሥር ማድረግም መፍትሔ ነው፤ ለዓይን እንግዳ ቢሆንም ሠራተኛ ሲጨመር ቦታውን አይለቅም።

ሁለተኛው አደጋ መርሳት ነው። በግሩፕ እንዳሉ ሐምሌ ላይ የአንድ ሰው ደመወዝ 8,500 ብለው ከጻፉ ያው ሴል በ12ቱም ወር 8,500 ይሆናል፤ የነበረውን ይደመስሳል፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ወዲያው ከታየ ኮንትሮል እና ዜድ ከሁሉም ሺት ይመልሰዋል። ካልታየ ግን ፋይሉ በግሩፕ እንዳለ ሴቭ ይሆናል፤ በኢሜይል የተቀበለው ሰው ሲከፍተውም በግሩፕ ነው የሚከፈትለት። የታቦቹ ሁሉ ነጭ መሆንና ከላይ ያለው ቃል ብቻ ነው ምልክቱ፣ ማይክሮሶፍት ይህን ያህል ዓመት እንዲህ ትንሽ አድርጎ መተዉ ያስገርማል። ለመፍታት ራይት ክሊክና «አንግሩፕ ሺትስ»። ሁሉም ሺት ከተያዘ ሌላ ታብ መጫን ብቻውን ይፈታዋል፤ ከፊሉ ብቻ ከተያዘ ግን ከግሩፑ ውጭ ያለን ታብ መጫን ያስፈልጋል፣ ውስጥ ያለውን መጫን ፊቱን ብቻ ነው የሚቀይረው።

አንዱ ሺት ተሠርቶ ካለቀና መልኩ ብቻ ለሌሎቹ እንዲደርስ ከተፈለገ «ፊል» ውስጥ «አክሮስ ወርክሺትስ» አለ። የተሠራውን ሺት ፊት ለፊት አድርጎ ግሩፕ ማድረግ፣ ሴሎቹን መምረጥ፣ ከዚያ ሆም፣ ፊል፣ አክሮስ ወርክሺትስ። ከሚመጡት ሦስት ምርጫዎች «ፎርማትስ» የሚለውን ነው የሚመርጡት። «ኦል» ላይ ከተዉት የሐምሌ ደመወዝ በሁሉም ወር ላይ ይገለበጣል።

ሴል ስታይል፦ ጥቂት ሰው የሚነካው፣ ብዙ የሚያተርፈው

ሆም ላይ «ሴል ስታይልስ» የሚባለውን ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ ምናልባት ሲከፈት የሚታዩት ዝግጁ ቀለሞች ስለማያምሩ ይሆናል። ዋጋው ግን ከቀለሙ አይደለም። ስታይል አድራሻ አያውቅም፤ ስም ነው የሚያውቀው። «ርዕስ»፣ «ገንዘብ»፣ «ድምር»፣ «ፊርማ» የሚሉ አራት ስታይሎች ተፈጥረው ከተለጠፉ፣ የሐምሌ ድምር 45ኛው የመስከረም 48ኛው ሮው ላይ ቢሆን ግድ የለም። አለቃ አረንጓዴ ሲል «ርዕስ» ላይ ራይት ክሊክ፣ «ሞዲፋይ»፣ «ፎርማት»፣ ቀለም፣ ኦኬ፤ 12ቱም ይቀየራል። ግሩፕ ማድረግም አያስፈልግም።

አዲሱን ለመፍጠር አንዱን ሴል በእጅ አሳምሮ፣ ያንን ሴል እንደመረጡ «ኒው ሴል ስታይል» ማለት ነው። የሚመጣው ሳጥን ስድስት ምልክት ማድረጊያ አለው፦ ቁጥር፣ አሰላለፍ፣ ፎንት፣ ቦርደር፣ ቀለም ሙሌት እና ጥበቃ። ለ«ገንዘብ» ቁጥሩን ብቻ (#,##0.00) አስቀርቶ ሌላውን ማንሳት ጥሩ ነው፤ ያኔ ቦርደሩን ሳያበላሽ ይለጠፋል። የኮለም ስፋትና የሮው ቁመት ግን ስታይል ውስጥ አይገቡም። እነሱ የግሩፕ ሥራ ናቸው።

አንድ ወጥመድ አለ፣ የሒሳብ ሰው ሁሉ የሚገባበት። ሆም ላይ ያለችው የኮማ ምልክት ተራ ቁልፍ ትመስላለች፤ በእርግጥ ግን «ኮማ» የሚባለውን ስታይል ነው የምትለጥፈው። አንድ ሴል በአንድ ጊዜ አንድ ስታይል ብቻ ስለሚይዝ፣ «ድምር» በተለጠፈበት ሴል ላይ ኮማ የተጫነ እንደሆነ መልኩ ብዙም ሳይለወጥ ስሙ ይጠፋል። ከዚያ «ድምር» ሲቀየር ያ ሴል አይከተልም፤ ከ12 ወር ውስጥ የካቲት ብቻ አሮጌ መልኩን ይዞ ይቀራል፣ ምክንያቱም አይታወቅም። የፐርሰንትና የከረንሲ ቁልፎችም እንደዚሁ ናቸው። የቁጥር አጻጻፍ በኮንትሮል እና 1 ከሚከፈተው ሳጥን ሲሰጥ ግን ስታይሉ አይነካም።

ስታይሎችን ወደሚቀጥለው ዓመት ፋይል ለማሻገር ሁለቱንም ፋይል ከፍቶ፣ አዲሱ ላይ ሆኖ «መርጅ ስታይልስ» ማለት ነው። ሺት ከፋይል ወደ ፋይል ሲገለበጥም ስታይሎቹ ተከትለው ይመጣሉ፤ ከየቢሮው ሺት እየተለቀመ የሚያድግ ፋይል ውስጥ ማንም የማያውቃቸው ስታይሎች በመቶዎች ይከማቻሉ። ኤክሴል የሚችለው 65,490 የተለያየ የሴል ፎርማት ነው፤ በድሮው ኤክስኤልኤስ ፋይል 4,000 ብቻ ነበር። ከዚያ ሲያልፍ ፎርማት በዛ ብሎ አዲስ መልክ አልቀበልም ይላል። በዚያ ላይ የተገለበጠው ሺት ቀለሙን ከቴም (የፋይሉ የፎንትና የቀለም ስብስብ) የወሰደ ከሆነ ሰማያዊው በአዲሱ ፋይል ቴም ቀለም ይተካል፤ የጥቅምቱ ርዕስ ግራጫ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሁለቱም ፋይል አንድ ቴም እንዲኖራቸው ፔጅ ሌይአውት ውስጥ «ቴምስ» ላይ ማስተካከል ይቻላል።

ፊደልና ቀን

የኮለም ስፋት የሚለካው በሴንቲሜትር አይደለም፤ በ«ኖርማል» ስታይል ፎንት ስንት አኃዝ ይይዛል በሚለው ነው። ካሊብሪ 11 ላይ መነሻው 8.43 ነው። «ኖርማል» ወደ ሌላ ፎንት ከተቀየረ ያው ቁጥር ሌላ ስፋት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ፎንቱን መወሰን፣ ከዚያ ስፋቱን መስጠት፤ በተቃራኒው የሠራ ሰው ሁለቴ ይሠራል።

ለአማርኛ ይህ ይበልጥ ይከብዳል። ኒያላ ዊንዶውስ 10 ላይ ተጨማሪ ሆኖ ለብቻው የሚጫን ፎንት ነው፤ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት ዊንዶውስ ሌላ ይተካል፣ በእጅ ቁመታቸው የተወሰነ ሮዎች ላይ የፊደሉ አናት ወይም እግር ይቆረጣል። ፋይሉ ከቢሮ ቢሮ የሚዞር ከሆነ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን ኢብሪማ መያዝ ያስተማምናል። የፊርማው ሮው ቁመት 24 ነጥብ አካባቢ ከሆነ ስክሪብቶ ይበቃዋል፤ 15 ላይ የተተወ እንደሆነ ፊርማው ጎረቤቱን ይረግጣል።

በቪዥዋል ግዕዝ 2000፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ የተጻፉ አሮጌ ሺቶች ካሉ ግን መጠንቀቅ ነው። እነዚያ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ አሠራር) ስላልሆኑ አማርኛውን አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። ፋይሉን ሁሉ በግሩፕ ይዞ «ፎንቱን አንድ ላድርገው» ያለ ሰው የሠራተኛውን ስም ሁሉ ወደ ላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይለውጠዋል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር፣ መልኩን ኋላ።

የተቀጠረበት ቀንም የራሱ ጣጣ አለው። ኤክሴል ቀኑን የኢትዮጵያ ነው ብሎ አያስብም። ኮምፒውተሩ የአሜሪካን አቀማመጥ ከያዘ 05/02/2009 ተብሎ የተጻፈው ጥቅምት 5 «ሜይ 2» ሆኖ ወደ ቀኝ ይሰለፋል፤ 15/02/2009 ደግሞ 15ኛ ወር ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይቀርና በግራ ይሰለፋል። ኮለሙ ግማሹ ቀኝ ግማሹ ግራ የሚሆነው ማንም አሰላለፍ ነክቶ አይደለም፤ አሰላለፉን ማስተካከል ደግሞ ስሕተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም። ሺቶቹ ባዶ ሳሉ በግሩፕ ይዞ ያንን ኮለም «ቴክስት» ማድረግ፤ አንዴ ከተጻፈ በኋላ መቀየር የተለወጠውን ቀን ወደ ነበረበት አይመልስም፣ ባለ 5 አኃዝ ቁጥር ነው የሚያወጣው።

ሲታተም

በግሩፕ ሆኖ ፔጅ ሴትአፕን መክፈት ወረቀቱን፣ አግድሙን፣ ማርጂኑን፣ ከላይና ከታች የሚጻፈውን ለሁሉም ይሰጣል። በደንብ የተሠራውን ሺት ፊት ለፊት አድርጎ፣ ሌሎቹን ጨምሮ፣ ሳጥኑን ከፍቶ ምንም ሳይነኩ ኦኬ ማለት ብቻ የዚያን ሺት አቀማመጥ ለቀሩት ያወርሳል። ስፋቱን «ፊት ቱ 1 ፔጅ ዋይድ» አድርጎ ቁመቱን ባዶ መተው የፊርማውን ኮለም ከስሙ ጋር ያስቀረዋል። በየገጹ የሚደገመው ርዕስና የሚታተመው ክልል ግን በግሩፕ አይከፈቱም፤ እነሱ አንድ በአንድ ናቸው። 12ቱ አብረው ሲታተሙ የገጽ ቁጥሩ ተያይዞ እንደሚቀጥልም ልብ ማለት ነው፤ ነሐሴ ከ1 እንዲጀምር ከተፈለገ «ፈርስት ፔጅ ነምበር» ላይ 1 ይጻፋል።

ሊብሬኦፊስ ካልክ

በነጻ የሚወርደው ካልክ ለዚህ ሥራ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። ሺቶችን በሺፍትና በኮንትሮል መያዝ እዚህም አለ፤ «ሺት» ሜኑ ውስጥ «ፊል ሺትስ» የኤክሴልን አክሮስ ወርክሺትስ ይተካል። ኤፍ 11 ሲጫን በጎን የሚከፈተው የስታይል ዝርዝር ግን ከኤክሴል ይበልጣል። አንዱ ስታይል ሌላውን ይወርሳል፦ «ድምር» ከ«ገንዘብ» የተወለደ ከሆነ የ«ገንዘብ» ዴሲማል ሲቀየር ድምሩም ይከተላል፣ ደማቅነቱ ግን የራሱ ሆኖ ይቆያል። በእጅ የተቀባባ ሴልንም «ክሊር ዳይሬክት ፎርማቲንግ» ወደ ስታይሉ ይመልሰዋል።

ከሁሉም የሚያስቀናው የገጽ ስታይሉ ነው። ወረቀት፣ ማርጂን፣ ራስጌና ግርጌ፣ የማሳነሻ ልክ ሁሉ «ደመወዝ ኤ4» በሚል አንድ ስም ይቀመጥና ለ12ቱ ሺት ይሰጣል። ግርጌው ላይ «ያዘጋጀው / ያጸደቀው» የሚል መጨመር ካስፈለገ አንድ ቦታ ብቻ ይነካል። ኤክሴል ለዚህ አቻ የለውም።

ጉዳቱ ሲላክ ነው። ፋይሉ ኤክስኤልኤስኤክስ (የኤክሴል ፋይል ዓይነት) ሆኖ ሴቭ ከተደረገና እንደገና በካልክ ከተከፈተ፣ ያ አንድ የገጽ ስታይል ለየሺቱ ተበጣጥሶ በየሺቱ ስም ይመጣል። ባንኩም ኦዲተሩም የሚጠይቀው የኤክሴል ፋይል ከሆነ ዋናውን በኦዲኤስ፣ በካልክ የራሱ የፋይል ዓይነት፣ አስቀምጦ፣ የሚላከውን ብቻ መቀየር ነው።

ጉግል ሺትስ

ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጽፍበት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ለመልክ ግን ደካማው እሱ ነው። ታቦችን አብሮ መምረጥ ይቻላል፣ ግን ለመሰረዝ፣ ለመገልበጥ፣ ለመደበቅ ነው፤ ቀለም ሲቀቡ ፊት ያለው ብቻ ይቀባል። በስም የሚጠራ የሴል ስታይልም የለውም። «ፎርማት» ውስጥ ያለው «ቴም» ፎንቱንና ቀለሞቹን ለፋይሉ በሙሉ ስለሚቀይር እሱን መያዝ ነው፦ የርዕሱን ቀለም ሲመርጡ ከቴሙ ቀለሞች ከሆነ በኋላ ቴሙን መቀየር ሁሉንም ይቀይራል፤ ከመደበኛው ሰንጠረዥ የተመረጠ ቀለም ግን አይከተልም።

ሌላው መንገድ ማክሮ ነው፤ የተደረገውን ቀድቶ መልሶ የሚሠራ። «ኤክስቴንሽንስ»፣ «ማክሮስ»፣ «ሪኮርድ»፤ አንዱን ሺት በ«አብሶሉት» (ያው የሴል አድራሻ ላይ እንዲደገም) እያሳመሩ ይቀዱና ቁልፍ ይሰጡታል፣ ከዚያ ታብ በታብ እየገቡ መጫን ነው። 12 ጊዜ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ሁለት ሰከንድ ነው። የአድራሻው ችግር እዚህም አለ፤ ለድምሩ ሮው በመጀመሪያው ኮለም «ድምር» የሚል ቃል ያለበትን ሮው የሚያደምቅ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ይሻላል። ስፋቱን «ፔስት ስፔሻል» ውስጥ ያለው «ኮለም ዊድዝ ኦንሊ» ያሻግረዋል።

ለማን የቱ

ደመወዝ በየወሩ አትሞ ለሚያስፈርም ቢሮ ኤክሴል፤ አሮጌው ኦፊስ 2010 ቢሆን እንኳ ግሩፑም ስታይሉም ስላለው ለዚህ ብሎ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ራሱ ለሚያትምና ፋይሉን ለማይልክ ካልክ። ጉግል ሺትስን ለመሰብሰቢያ ይዞ፣ የሚታተመውን ወደ ኤክሴል ማውረድ።

የሥራው ቅደም ተከተል ከፕሮግራሙ ይበልጥ ይወስናል። አሥራ ሁለቱን ታብ መጀመሪያ ከፍቶ ማሳመር ድካም ነው። ሐምሌን ብቻ መሥራት፦ ፎንት፣ ስታይል፣ ስፋት፣ የቀኑ ኮለም ቴክስት፣ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ፣ ፍሪዝ፣ የሚደገም ርዕስ፣ ገጽ። አንድ ወረቀት አትሞ ማየት። ከዚያ ኮንትሮል ይዞ ታቡን ወደ ጎን መጎተት፤ ቅጂው ግሩፕ እምቢ የሚላቸውን ሁሉ ጨምሮ ይዞ ይወጣል። 11 ጊዜ ጎትቶ ስሙን መቀየር ነው የቀረው፤ የሠራተኛ ስም ከመጻፉ በፊት።